ሁለት ባቡር፣ አንድ ሐዲድ

ኢታሎ የተባለው የግል ፈጣን ባቡር እ.ኤ.አ. በኤፕሪል 2012 ጣሊያን ውስጥ ሥራ ሲጀምር፣ ሮም የኖረ ሀበሻ ሁሉ በሚያውቀው በቴርሚኒ ጣቢያ አልቆመም። ከማረፊያዎቹ አንዱ ከመሃል ከተማው ራቅ ያለው ኦስቲየንሴ ነበር። እዚያም በኩባንያው የመንገደኞች አዳራሽና በባቡሩ መካከል የብረት አጥር ተገተረ። ትኬት የቆረጠ ሰው ባቡሩን ከአጥሩ ማዶ እያየ፣ ሻንጣውን እየጎተተ ዞሮ መግባት ነበረበት።

ነገሩ የሚገባው ዝምድናው ሲታወቅ ነው። ሐዲዱን የሚያስተዳድረው ድርጅትና የኢታሎ ተፎካካሪ የሆነው ትሬኒታሊያ የአንድ እናት ኩባንያ ልጆች ናቸው፤ ባለቤቱም መንግሥት ነው። እንዲህ ባለ ቤት ውስጥ የሐዲዱ አስተዳዳሪ ውሳኔ ትክክል ቢሆን እንኳ መጠርጠሩ አይቀርም።

ባቡር በሮጠበት ኪሎ ሜትር ልክ የሐዲድ ኪራይ ይከፍላል። ኪራዩ ሲከብደውና ዕዳው ሲቆለል ኢታሎ በ2014 ለመክሰር ተቃርቦ ነበር። ከሁለቱም ወገን ያልሆነው አዲሱ የትራንስፖርት ተቆጣጣሪ መሥሪያ ቤት በፈጣኑ መስመር ላይ ኪራዩን በኪሎ ሜትር ከ13 ዩሮ ገደማ ወደ 8 ዩሮ ገደማ አወረደው። ከዚያ ወዲህ ኩባንያው አንሰራራ፤ በ2018 አንድ የአሜሪካ የኢንቨስትመንት ድርጅት 2 ቢሊዮን ዩሮ በሚጠጋ ዋጋ ገዛው። ትርፉ ለተጓዡም ደርሷል፦ ትኬት ረከሰ፣ ባቡር በረከተ፤ ከሮም ሚላኖ በአውሮፕላን ይመላለስ ከነበረው ብዙው ሦስት ሰዓት ያህል ወደሚፈጀው ባቡር ዞረ።

ብሪታንያ ግን በ1990ዎቹ ሐዲዱን ራሱን ሬይልትራክ ለተባለ አክሲዮን ኩባንያ ሸጠች። በኦክቶበር 2000 ሃትፊልድ አቅራቢያ የተሰነጠቀ ሐዲድ ተሰባብሮ 4 ሰዎች ሞቱ። ስንጥቁ አስቀድሞ ይታወቅ ነበር፤ መተኪያው ሐዲድም መጥቶ ከመንገዱ ዳር ተጋድሞ ነበር። በዓመቱ ሬይልትራክ ወደቀ። ባቡሩን ለውድድር መክፈትና ሐዲዱን መሸጥ የተለያዩ ጉዳዮች ናቸው፤ ክርክሩ ላይ ሁለቱ ሲደባለቁ ጥፋቱ እዚያ ይጀምራል።

ስፔን ሐዲዷን በመንግሥት እጅ አቆይታ መስመሩን ከፈተች። ዛሬ ከማድሪድ ባርሴሎና ከአገሪቱ የመንግሥት ባቡር ድርጅት ከሬንፌ ጋር የሚፎካከሩት በ2021 የገባው ዊጎና በ2022 የገባው ኢርዮ ናቸው። የዊጎ ባለቤት የፈረንሳይ መንግሥት ባቡር ድርጅት ነው፤ ከኢርዮ ባለድርሻዎች አንዱም አገር ቤት ከኢታሎ ጋር የሚፎካከረው ትሬኒታሊያ ነው። ሦስቱም የሚሽቀዳደሙት ሰው በሚጎርፍባቸው የፈጣን ባቡር መስመሮች ላይ ነው። ተሳፋሪ የሚያንስባቸውን የገጠር መስመሮች የሚያንቀሳቅሰው አሁንም የመንግሥት ድጎማ ነው።