በኮምፒዩተር ሙዚቃ ለመስማት ብዙ ገንዘብ ማውጣት ያስፈልጋልን?

(በሬዲዮ ከተነገረው)



ከሥራ መልስ በቤቱ ዐረፍ ብሎ ዜናና ሙዚቃ ማዳመጥ የሚወድ የመንግሥት ሠራተኛ ዛሬ በኮምፒዩተር ሊጠቀም ይችላል። ድምፁ የቀጠነ ወይም የሻከረ እንደ ሆነ ግን «ሳውንድ ካርዱን ለውጥ፤ ውድ ገመድ ግዛ፤ አዲስ አምፕሊፋየር ጨምር» የሚል ምክር ከየአቅጣጫው ይመጣለታል። ይህ ምክር ምን ያህል እውነት እንደ ሆነ መመርመር በቆቦና በራያ ቆላ ለሚኖር ደመወዝተኛ ቀላል ጉዳይ አይደለም። ከ2013 ዓ.ም. ጀምሮ በአካባቢው የደረሰው ጦርነት ብዙ ቤቶችን ስላራቆተ፣ ለድምፅ መሣሪያ የሚወጣው ብር ከማሽላው፣ ከአልጋውና ከልጆች ደብተር ላይ የሚቀነስ ነው።

በቅድሚያ የአሠራሩን ነገር እንመልከት። ኮምፒዩተር ድምፅን የሚያስቀምጠው በቁጥር ነው። ለሲዲ በተወሰነው ልክ መሠረት ድምፁ በአንድ ሴኮንድ 44,100 ጊዜ ይለካል፤ እያንዳንዱም ልክ በ16 ቢት ይጻፋል። ክሎድ ሻነን የተባለው አሜሪካዊ ሊቅ እ.ኤ.አ. በ1949 እንዳስረዳው፣ አንድን ድምፅ ሳይጐድል መልሶ ለማግኘት ከከፍተኛው ንዝረቱ እጥፍ በሚበልጥ ቁጥር መለካት ይበቃል። የሰው ጆሮ የሚሰማው በሴኮንድ ከ20 እስከ 20,000 የሚደርስ ንዝረት ሲሆን፣ ዕድሜ በገፋ ቁጥር የላይኛው ወሰን ዝቅ ይላል። እንግዲህ የሲዲው ልክ ለጆሮአችን የሚበቃ ነው ማለት ነው።

ይህም በተግባር ተፈትኗል። ማየርና ሞራን የተባሉ ሁለት አሜሪካውያን እ.ኤ.አ. በ2007 ባሳተሙት ጥናት፣ ከሲዲ የላቀ ዝርዝር ያለውን ቅጂ አንድ ጊዜ እንዳለ፣ ሌላ ጊዜ ወደ ሲዲ ልክ ዝቅ አድርገው፣ የትኛው እንደ ሆነ ሳይገልጹ ለአድማጮች አሰሙ። ከ554 ሙከራዎች ትክክል ሆኖ የተገኘው 276 ብቻ ነበር፤ ይህም ሳንቲም ወርውሮ ከመገመት አይለይም። ዋጋውን አስቀድሞ ያወቀ ጆሮ ግን ለውዱ ማዳላቱ አይቀርም።

ታዲያ ጉድለቱ ከወዴት ይመጣል? አንደኛው ምክንያት ቅጂው ራሱ ነው። አምሃ እሸቴ እ.ኤ.አ. ከ1969 እስከ 1975 በሸክላ ያሳተማቸውን የመሰሉ የቀድሞ ዘፈኖች ብዙዎቹ ከካሴት ወደ ካሴት ሲገለበጡ ኖረው፣ በመጨረሻም እጅግ ተጨምቀው ወደ ኮምፒዩተር የገቡ ናቸው። በዚህ መንገድ የጠፋውን ድምፅ የትኛውም ውድ መሣሪያ አይመልሰውም። መድኃኒቱ የተሻለ ቅጂ መፈለግ ነው።

ሁለተኛው ምክንያት ስፒከሩ ነው። በላፕቶፕ ውስጥ ያለው ስፒከር እጅግ ትንሽ ስለ ሆነ አየሩን በሚገባ ሊገፋ አይችልም፤ ስለዚህ የከበሮው ድምፅ ይጠፋል፤ የክራሩም ወፍራም ጅማት ይሳሳል። ገንዘብ የሚወጣ ከሆነ አስቀድሞ ለሁለት ደኅና ስፒከሮች ወይም ለአንድ ጥሩ የጆሮ ማዳመጫ ይውጣ። በመሣሪያዎች መካከል ያለው የድምፅ ልዩነት ከሁሉ የሚበልጠው በዚህ ላይ ነው።

ሦስተኛው ክፍሉ ነው። ጣራው ቆርቆሮ፣ ወለሉ ሲሚንቶ፣ ግድግዳውም ባዶ የሆነ ቤት ድምፁን እያንጓጓ ይመልሰዋል። ምንጣፍ፣ ወፍራም መጋረጃና መጻሕፍት የተደረደሩበት መደርደሪያ ይህን ያለዝቡታል። ሁለቱ ስፒከሮችና አድማጩ በመካከላቸው እኩል ርቀት ይኑር፤ የስፒከሮቹም ከፍታ ከጆሮ ጋር ይስተካከል። ስፒከርን በማዕዘን መወተፍ ወፍራሙን ድምፅ ከልክ በላይ ያጐላዋል። ከዚህም በቀር በቆላው ሙቀትና አቧራ ምክንያት የኮምፒዩተሩ ማራገቢያ እየጮኸ ዝቅተኛውን ድምፅ ይሸፍነዋልና፣ አቧራውን ማጽዳትና ኮምፒዩተሩን ከመቀመጫ ራቅ ማድረግ ይገባል።

በመጨረሻ የኤሌክትሪኩ ነገር አለ። ከስፒከሩ የማያቋርጥ እምታ ሲሰማ ብዙ ሰው ሳውንድ ካርዱ ተበላሽቷል ብሎ ይደመድማል። ነገር ግን የላፕቶፑን ቻርጀር ነቅሎ በባትሪ ይሞክረው፤ እምታው ከጠፋ ጥፋቱ የኃይሉ መስመር ነው። ያን ጊዜ ኮምፒዩተሩንና ስፒከሮቹን ከአንድ ማከፋፈያ ላይ መሰካት ብዙ ጊዜ ይበቃል። እምታውን ለማጥፋት ሲባል የመሬት መስመሩን መቁረጥ ግን ለሕይወት አደገኛ ስለ ሆነ ፈጽሞ አይደረግም። ቻርጀሩ ተነቅሎም የሚያፏጭ ወይም የሚንኮሻኮሽ ድምፅ ከቀጠለ፣ በዩኤስቢ የሚሰካ አነስተኛ የውጭ ሳውንድ ካርድ መግዛት ተገቢ ነው፤ ለዚህም ርካሹ ብዙውን ጊዜ ይበቃል።

ስለዚህ ወልድያ ወይም ደሴ ድረስ ሄዶ የወር ደመወዝን ለነጋዴ ከማስረከብ በፊት፣ በቅድሚያ ቅጂውን፣ ቀጥሎ ክፍሉንና የስፒከሩን አቀማመጥ፣ ከዚያም ኤሌክትሪኩን መመርመር ይገባል። እነዚህን ለመመርመር የሚያስፈልገው ጥቂት ትዕግሥት ነው። ከዚህ ሁሉ በኋላ ጉድለት ቢቀር ስፒከሩ ይለወጥ፤ ሌላው ወጪ ግን ለቤተ ሰቡ ይትረፍ።