«ጨጓራዬን ያቃጥለኛል» ከሚለው ቅሬታ ጀርባ

አንድ የ17 ዓመት ተማሪ ሐዋሳ ከሚገኝ ጤና ጣቢያ ገብቶ፣ «ሲስተር፣ ጨጓራዬን ያቃጥለኛል፤ እንቅልፍም የለኝም» አለ እንበል። ነርሷ የጨጓራ መድኃኒት አዝዛ ትሸኘዋለች። ሕክምናው ስሕተት አይደለም፤ የሕመሙ ምንጭ ግን ሳይነካ ቀረ። ለመሆኑ ምን ሳይጠየቅ ቀረ?

ለጋ የጫት ቅጠል ካቲኖን የተሰኘ፣ የአምፌታሚን ዘመድ የሆነ አነቃቂ ንጥረ ነገር ይዟል። ቅጠሉ ሲጠወልግ ካቲኖን ወደ ደካማው ካቲን ስለሚለወጥ ነጋዴው በኮባ ጠቅልሎ ለገበያ ይጣደፋል፤ ጫት አብቃዩ ወንዶ ገነት ደግሞ ለሐዋሳ ቅርብ ነው። ካቲኖን በአንጎል ውስጥ የዶፓሚንን መጠን በመጨመር ምርቃናን ያስከትላል፤ እንቅልፍን ያባርራል፣ የምግብ ፍላጎትን ይዘጋል፣ ሆድ ያደርቃል፣ የልብ ምትን ያፈጥናል። ለፈተና ጥናት ብሎ መቃም የጀመረ ወጣት ምርቃናውን ለመስበር «ጨብሲ» ብሎ ወደ መጠጥ ሲያመራ ችግሩ ይደራረባል። አዋጅ ቁጥር 1112/2011 ዕድሜው 21 ዓመት ላልሞላው ሰው አልኮልና ትምባሆ መሸጥን ይከለክላል፤ ጫት ግን በአገራችን በሕጋዊ መንገድ የሚሸጥ ምርት ነው። ውሳኔን የሚመራው የፊተኛው የአንጎል ክፍል እስከ ሃያዎቹ ዕድሜ አጋማሽ ድረስ በመብሰል ላይ ስለሚቆይም በጉርምስና የተጀመረ ልማድ በቀላሉ ሥር ይሰድዳል።

የዓለም ጤና ድርጅት እ.ኤ.አ. በ2010 ያወጣውና በ2016 ያሻሻለው፣ የአእምሮ ሐኪም ላልሆኑ ባለሙያዎች የተዘጋጀው መመሪያ ስለ አልኮልና ሱስ አስያዥ ዕፆች ራሱን የቻለ ምዕራፍ አለው። ይሁንና ከመመሪያው ይልቅ አስቸጋሪው አንደበት ነው። ታላቅ ታናሹን በሚገሥጽበት ባህላችን «ደግሞ ትቅማለህ እንዴ?» የሚለው አነጋገር ጥያቄ ሳይሆን ፍርድ ነው፤ ልጁም ይዋሻል። ስለሆነም ሠልጣኙ በቅድሚያ የሚማረው እናትየው ለጥቂት ደቂቃ ውጭ እንድትቆይ በትሕትና መጠየቅን፣ ከዚያም ሕይወትን የሚያሰጋ ነገር ካልገጠመ በቀር ምስጢሩ እንደሚጠበቅ ለልጁ መንገርን ነው።

በአሜሪካ፣ ቦስተን ለወጣቶች የተሰናዱ ስድስት የልየታ ጥያቄዎች አሉ፤ ለሁለቱ ወይም ከዚያ በላይ ለሆኑት «አዎ» ያለ ወጣት ተጨማሪ ምርመራ ያሻዋል። የመጀመሪያው ጥያቄ የሰከረ ሰው በሚያሽከረክረው መኪና ስለ መሳፈር ነው። ሐዋሳ ላይ ግን ሞተር ብስክሌትና ባጃጅ ሊጠቀሱ፣ ጫትም በስሙ ሊጠራ ይገባል፤ ብዙ ወጣት ጫትን ከ«ዕፅ» አይቆጥረውምና። ቃል በቃል መተርጎም እዚህ ላይ አይበቃም።

ሌላው ጉዳይ የሥልጠናው አሰጣጥ ነው። ሥነ ልቡናዊው ዊልያም ሚለር ለለውጥ የሚያነሣሣ የውይይት ስልት እ.ኤ.አ. በ1983 ጽፎ አስተዋውቋል። እርሱና ባልደረቦቹ እ.ኤ.አ. በ2004 ያሳተሙት ጥናት በዐውደ ጥናት ብቻ የተገኘ ክህሎት ቀስ በቀስ እንደሚደበዝዝ፣ የሥራ ላይ አስተያየትና ምክር ሲታከልበት ግን እንደሚጸና አሳይቷል። የአዳራሽ ሥልጠና ብቻ ሰጥቶ መለያየት፣ በእኔ እምነት፣ ገንዘብ ማባከን ነው። ሠልጣኞች አንዱ ታካሚ፣ ሌላው አካሚ እየሆኑ መለማመድ፣ ወደ ጣቢያቸው ከተመለሱም በኋላ የሚከታተላቸው ማግኘት አለባቸው።

ያ ተማሪ ከሁለት ሳምንት በኋላ በቀጠሮው ቢመለስ፣ የሠለጠነችው ነርስ «ከጫቱ የምትወደው ምኑን ነው? የማትወደውስ?» ብላ ትጀምራለች፤ ከዚያም ዝም ብላ ታዳምጣለች።