የተረሳውን ስካነር የሚያስነሳ ኮምፒውተር

ከደጀን ተነስቶ በቢቸናና በደብረ ወርቅ አድርጎ ሞጣ፣ ከዚያም ባሕር ዳር በሚደርሰው መንገድ ዳር ፎቶ ኮፒና ጽሕፈት ቤት የብዙ ሰው ጉዳይ ማለፊያ ነው። ትራንስክሪፕት ይቀዳል፣ ማመልከቻ ይጻፋል፣ መታወቂያ ስካን ይደረጋል። እንዲህ ባለ ቤት ኮምፒውተሩ በአዲስ ሲተካ ግን ዓመታት ያገለገለው ስካነር መብራቱ በርቶ ሥራ ሊፈታ ይችላል።

ካነን ላይድ 30 አንዱ ምሳሌ ነው። ዕቃው ጤነኛ ሆኖ ሳለ የሚጎድለው ድራይቨሩ፣ ማለትም ኮምፒውተሩን ከመሣሪያው ጋር የሚያግባባው ፕሮግራም ነው። ካነን ለዚህ ሞዴል ያዘጋጀው እንደ ዊንዶውስ ኤክስፒ ላሉት የ32 ቢት ሥርዓቶች ሲሆን፣ ዛሬ የሚሸጡት ኮምፒውተሮች 64 ቢት ናቸው። አዲስ ስካነር እንዳይገዛ ደግሞ፣ ሐምሌ 22 ቀን 2016 ዓ.ም. የብር ምንዛሪ ለገበያ ከተለቀቀ ወዲህ ዶላር ከ57 ብር አካባቢ ተነስቶ ከ100 ብር በላይ ወጥቷል። በዚህ ዋጋ ደህና ስካነር መጣል ያሳዝናል።

መፍትሔው ቨርቹዋል ማሽን ነው፤ በእውነተኛው ኮምፒውተር ውስጥ በፕሮግራም ብቻ የተሠራ፣ የራሱን ኦፕሬቲንግ ሲስተም የሚያስኬድ ሌላ ኮምፒውተር። ቨርቹዋልቦክስ የተባለው ፕሮግራም ይህን በነፃ ይሠራል። ከ6.1 ጀምሮ ያሉት እትሞቹ ቨርቹዋላይዜሽን የሚችል ፕሮሰሰር ይፈልጋሉ፤ ማሽኑ አልነሳ ካለ ይህ አገልግሎት ባዮስ በተባለው የኮምፒውተሩ መነሻ ማስተካከያ ውስጥ ተዘግቶ እንደሆነ ማየት ነው።

ይሁንና የውስጡ ኮምፒውተር ገመድ የሚሰካበት ቀዳዳ የለውም። እዚህ ላይ ነው ዋናው ሥራ። ማንኛውም የዩኤስቢ ዕቃ ሲሰካ የአምራቹንና የሞዴሉን መለያ ቁጥር ይናገራል፤ የካነን 04ኤ9፣ የላይድ 30 ደግሞ 220ኢ ነው። ባለሙያው ስካነሩን ሰክቶ ወደ ቨርቹዋል ማሽኑ ሴቲንግ ይገባል፣ ዩኤስቢ የሚለውን ከፍቶ ቁጥሮቹን በማጣሪያነት ይመዘግባል። ከዚያ ማሽኑን አስነስቶ ገመዱን ነቅሎ ሲመልሰው የውጭው ዊንዶውስ ስካነሩን ይለቅቃል፣ የውስጡ ይረከበዋል። ላይድ 30 የቆየ ስለሆነ ዩኤስቢ 1.1 የሚለው ምርጫ ይበቃዋል።

አንድ ዕቃ በአንድ ጊዜ ለሁለቱ አይታዘዝም። ፋይል እየተገለበጠበት ያለ ፍላሽ በዚህ መንገድ ከተላለፈ ፋይሉ ሊበላሽ ስለሚችል ርክክቡ ቅጂው ካለቀ በኋላ መሆን አለበት።

ውስጡ ምን ይጫን? ብዙ ሰው ወደ ኤክስፒ ይሮጣል። ፈቃድ ያለው ዲስክ ላለው ሰው ያስኬዳል፣ 512 ሜጋባይት ራምም ይበቃዋል። ነገር ግን ማይክሮሶፍት መጋቢት 30 ቀን 2006 ዓ.ም. ድጋፉን ስላቋረጠ የቨርቹዋል ማሽኑ ኔትወርክ መዘጋት፣ የተነሳው ምስልም በሼርድ ፎልደር መውጣት አለበት። የተሻለው ሊኑክስ ነው፤ ሴን በተባለው ነፃ የስካነር ፕሮግራም ላይድ 30ን ያውቀዋል፣ የፈቃድ ክፍያም አይጠይቅም።

በ2015 ዓ.ም. ክረምት በአማራ ክልል የሞባይል ኢንተርኔት ሲቋረጥ ድራይቨር ማውረድ ምን ያህል ከባድ እንደሚሆን ታይቷል። ለዚህ የቨርቹዋል ማሽን አንድ ጠባይ ይጠቅማል፦ ሙሉ ኮምፒውተሩ የሚቀመጠው በፎልደር ውስጥ ነው። ሞጣ ላይ አንዴ የተስተካከለው ማሽን ጠፍቶ ፎልደሩ በኤክስተርናል ሃርድ ዲስክ ተቀድቶ ቢቸና ቢወሰድ፣ ቨርቹዋልቦክስ በተጫነበት ኮምፒውተር ላይ ከነድራይቨሩ ሊከፈት ይችላል። ማጣሪያው ላይ የተሞሉት ሁለቱ መለያ ቁጥሮች ብቻ ከሆኑ፣ ተመሳሳይ ሞዴል የሆነውን የቢቸናውን ስካነርም ይቀበላል።