ተረትና እውነታ፦ ሁለት ሳምንት አርሲ ተቀምጦ ኦሮምኛ

ቋንቋ ወደሚነገርበት አገር ሄዶ ሁለት ሳምንት የተቀመጠ ሰው ቋንቋውን ለምዶ ይመለሳል የሚለው እምነት በመላው ዓለም የተለመደ ነው። በጓቲማላ ተራሮች መካከል የምትገኘው አንቲጓ እ.ኤ.አ. በ1773 የመሬት መንቀጥቀጥ እስኪያፈርሳት ድረስ የስፔን ቅኝ ገዥዎች መናገሻ ነበረች፤ ዛሬ የምትታወቀው በስፓኒሽ ትምህርት ቤቶቿ ነው። ብዙ እንግዳ ለአጭር ጊዜ መጥቶ፣ ቀን ከአንድ አስተማሪ ጋር ተቀምጦ፣ ማታ ከአስተናጋጅ ቤተሰብ ጋር ራቱን ይበላል። የአሜሪካ ውጭ ጉዳይ መሥሪያ ቤት ግን ለዲፕሎማቶቹ ስፓኒሽ ማስተማሪያ 30 ሳምንት ያህል፣ ለአማርኛ ደግሞ 44 ሳምንት ይመድባል፤ ያውም የሙሉ ጊዜ ትምህርት።

በእኛ አገር ይኸው እምነት ኦሮምኛን በሚመለከት ይነገራል። «አርሲ ሄደህ አሰላ ወይም ዴራ ጥቂት ተቀመጥ፣ ራሱ ይለምድብሃል» ይባላል። ጉዳቱ ቀላል አይደለም። ምክሩን አምኖ አንዲት ቃል ሳያጠና ወደ ሥራ የሚሄድ የጤና ባለሙያ ዓመት ቆይቶም በአስተርጓሚ ይሠራል፤ ከገጠር የመጣች እናት የራሷን ሕመም በልጇ አንደበት ለማስረዳት ትገደዳለች። ይህን ምክር እንደ ዋዛ የሚያድሉ ሰዎች ሊታረሙ ይገባል።

እምነቱ ከነጭራሹ መሠረት የለውም ማለት አይደለም። የንግግር ፍጥነትና ዜማ፣ እንዲሁም የሰላምታ ወግ ከመጽሐፍ አይገኝም። ለእኩያ «አካም ጂርታ»፣ ለታላቅ «አካም ጂርቱ» ማለት ከነአክብሮቱ የሚለመደው በሰው መካከል ነው።

ይሁንና ዴራ ከአዳማ ወደ አሰላ በሚወስደው መንገድ ላይ ያለች ከተማ ናት፤ ብዙ ነዋሪዋ አማርኛም ኦሮምኛም ይናገራል። እንግዳው ሻይ ቤት ገብቶ በተሰባበረ ኦሮምኛ ሲያዝ፣ አስተናጋጇ እንዳይቸገር አዝናለት በአማርኛ ትመልስለታለች። ደግነት ነው፤ ትምህርቱ ግን እዚያው ይቆማል። ሁለት ሳምንቱ በዚህ መልክ ያልቃል። ጥቅም የሚያገኘው መሠረታዊ ዓረፍተ ነገሮችን አስቀድሞ አጥንቶ የሚሄድ፣ «እባካችሁ በኦሮምኛ መልሱልኝ» ብሎ የሚለምንና ከተመለሰም በኋላ ልምምዱን የማያቋርጥ ነው።

የኦሮምኛ መጻፊያ የሆነው ቁቤ ከባድ ነው የሚባለውም ስሕተት ነው። በ1984 ዓ.ም. በይፋ ሥራ ላይ የዋለው ይህ የላቲን ፊደል እንደተጻፈው ይነበባል፤ የተማሪው ሥራ «ኤክስ» ለጠ፣ «ሲ» ለጨ መቆሙንና የመሳሰሉትን መልመድ ነው። እንዲያውም በግዕዝ ፊደል የማይታየውን ያሳያል። «ሶዳ» ላልቶ ሲነበብ ፍርሃት፣ ጠብቆ ሲነበብ አማች ነው፤ ቁቤ ተነባቢውን ደግሞ በመጻፍ ልዩነቱን ግልጽ ያደርገዋል።

አዋቂ ቋንቋ አይለምድም ማለትም ልክ አይደለም። ልጅ ውሎ አድሮ በአነጋገር ለዛ ይበልጣል እንጂ ሰዋስው በመረዳት መጀመሪያ ላይ የሚፈጥነው አዋቂው ነው። አማርኛ ተናጋሪ ደግሞ እንደ ጠ፣ ጨና ቀ ያሉት ድምፆች አያስቸግሩትም፤ ግስ በዓረፍተ ነገር መጨረሻ መምጣቱም አዲስ አይሆንበትም። የአርሲ አነጋገር ሌላ አካባቢ አያግባባም የሚባለውም እውነት አይደለም፤ ዘዬዎቹ ቢለያዩም የአርሲና የሸዋ ሰው ይግባባሉ።

ወደ አርሲ የሚመደብ ባለሙያ ሁሉ እንግዲህ ጓዙን ከመሸከፉ ወራት አስቀድሞ ቁቤ ይቁጠር፤ የሚመድበው መሥሪያ ቤትም ለዚህ ጊዜ ይስጠው።