መጋረጃ መስቀያ፦ በሜትር የሚጠየቀው ዋጋና ያልተጠየቀው ሒሳብ

መርካቶ ውስጥ የመጋረጃ መስቀያ ዋጋ የሚጠየቀው በሜትር ነው። ገዢው «ሜትሩ ስንት ነው?» ይላል፤ ሻጩ የዘንጉን ዋጋ ይጠራል፤ ክርክሩም በዚያው ቁጥር ላይ ይካሄዳል። ደረሰኝ ሲቆረጥ ግን ከዘንጉ ጎን ሁለት ወይም ሦስት መያዣ፣ ጥንድ የጫፍ ጌጥ፣ በደርዘን የሚቆጠር ቀለበት፣ ብሎንና ፊሸር ተደርድረው ይገኛሉ። በእነዚህ ላይ የሚከራከር ገዢ ጥቂት ነው።

በኢኮኖሚክስ ትምህርት ተጓዳኝ ሸቀጦች የሚባሉት እንዲህ ያሉት ናቸው፤ አንዱ ያለ ሌላው አይሠራም። በዚህ ዓይነት ገበያ ውድድሩ የሚካሄደው ዋጋው በሚታወቀው ዕቃ ላይ ሲሆን ትርፉ የሚሰበሰበው ዋጋው በማይጠየቀው ላይ ነው። ለምሳሌ በሜትር 10 ብር የቀነሰ ነጋዴ በእያንዳንዱ መያዣ ላይ 15 ብር ቢጨምር፣ 2.4 ሜትር ዘንግና ሦስት መያዣ ለሚፈልግ መስኮት 24 ብር ሰጥቶ 45 ብር ይወስዳል። ገዢው ግን ዋጋ አስቀንሶ እንደወጣ ያምናል። ለአንድ መስኮት ነገሩ ቀላል ነው። አርባ መስኮት ላለው የእንግዳ ማረፊያ ወይም የኪራይ ሕንፃ ሲሆን ግን ሒሳቡን ከሥሩ መሥራት ያስፈልጋል።

ዕጣ ወጣ ማለት ዕቃ ተሸጠ ማለት አይደለም

የመስቀያ ፍላጎት ራሱን የቻለ ፍላጎት አይደለም። ማንም ዘንግ አምሮት ገበያ አይወጣም። ቤት ሲረከብ፣ ከቤት ቤት ሲዛወር፣ ሰርግ ወይም በዓል ሲደርስ ነው የሚፈለገው። ስለዚህ የዚህ ዕቃ ነጋዴ ዓይኑን የሚጥለው በቤቶች ግንባታ ላይ ነው። በ1990ዎቹ አጋማሽ በቦሌ ገርጂ በሙከራ የተጀመረው የጋራ መኖሪያ ቤቶች ግንባታ ከተስፋፋ ወዲህ ዕጣ በወጣ ቁጥር ለመጋረጃና ለመስቀያ ነጋዴ ደወል የተደወለ ያህል ነው።

ደወሉ ግን አንዳንዴ ያለ ጊዜው ይደወላል። የ14ኛው ዙር ዕጣ በሐምሌ 2014 ዓ.ም ወጥቶ በኮምፒዩተር ሥርዓቱ ላይ በተገኘ ችግር ተሰረዘ፤ እንደገና የወጣው በኅዳር 2015 ዓ.ም ነው። ዕጣው ከ25 ሺህ በላይ ቤቶችን የያዘ ነበር። በአንድ ቤት አራት መስኮት ቢታሰብ ከ100 ሺህ በላይ መስኮት መሆኑ ነው። ይህን ቁጥር በሐምሌ አስልቶ ዕቃ ለሚጭን ነጋዴ አራት ወር ያህል ያለ ፋይዳ ያልፋል። ዕጣው ከጸና በኋላም ቢሆን ባለዕድሉ ውል ይዋዋላል፣ ቅድሚያ ክፍያ ይከፍላል፣ ቁልፍ ይረከባል፣ ውኃና መብራት ይጠብቃል፣ ወለልና ቀለም ያሠራል። መጋረጃ የሚሰቀለው ከዚህ ሁሉ በኋላ ነው። ስለሆነም ለመስቀያ ነጋዴ ከዕጣው ቀን ይልቅ በየሳይቱ የወለል ንጣፍና የቀለም ሽያጭ የሚሞቅበት ጊዜ የተሻለ ምልክት ይሰጠዋል።

በ2016 ዓ.ም ከተጀመረው የኮሪደር ልማት ጋር ተያይዞ ከፒያሳና ከሌሎች ሠፈሮች ተነስተው ወደ ሌላ ቤት የተዛወሩ ቤተሰቦች ፍላጎት ደግሞ ከዚህ ይለያል። እነዚህ ወለል እስኪነጠፍ አይጠብቁም፤ በገቡበት ሳምንት መስኮታቸውን መሸፈን አለባቸው። ይዘውት የመጡት ዘንግ ለአዲሱ መስኮት ያጥራል ወይም ይረዝማል። ለእንዲህ ዓይነቱ ገዢና ነገ ሊለቅ ለሚችል ተከራይ ተመራጩ አንዱ ቱቦ በሌላው ውስጥ ገብቶ የሚሳበው ተጣጣፊ ዘንግ ነው። ቁራጭ የለውም፣ በካርቶን ይገባል፣ ተነቅሎ ይሄዳል። ጉድለቱ ሁለቱ ቱቦዎች በሚገናኙበት ቦታ መድከሙና ቀለበቱ ደረጃው ላይ እየተያዘ ማስቸገሩ ነው። ከዚህም የሚቀንስ አቅም ላለው በሁለት ሚስማር መካከል የሚወጠረው በፕላስቲክ የተለበጠ የስፕሪንግ ሽቦ አለ። ለስስ መጋረጃ ካልሆነ በቀር መሐሉ መርገቡ አይቀርም።

5.8 ሜትር

ከውጭ የሚገባ ቱቦ ብዙ ጊዜ 5.8 ሜትር የሚሆነው በአጋጣሚ አይደለም። የ20 ጫማ ኮንቴይነር የውስጥ ርዝመት 5.9 ሜትር ያህል ስለሆነ ነው። በአገር ውስጥ ፋብሪካዎች የሚመረተው ቱቦ ደግሞ በተለምዶ 6 ሜትር ነው። የሃያ ሳንቲ ሜትሯ ልዩነት ትንሽ ትመስላለች እንጂ በቆረጣ ጊዜ ትታያለች።

ስፋቱ 1.5 ሜትር የሆነ መስኮት ግራና ቀኝ 20 ሳንቲ ሜትር ሲጨመርበት 1.9 ሜትር ዘንግ ይፈልጋል። ከ5.8 ሜትር ቱቦ ሦስት ዘንግ ይወጣል፤ የሚተርፈው 10 ሳንቲ ሜትር ብቻ ነው። መስኮቱ 2 ሜትር ከሆነ ግን የሚያስፈልገው 2.4 ሜትር ነው፤ ሁለት ዘንግ ወጥቶ አንድ ሜትር ይተርፋል። አርባ እንዲህ ያለ መስኮት ላለው ሕንፃ 20 ቱቦ ይገዛል፤ ይህም 116 ሜትር ነው። ጥቅም ላይ የሚውለው 96 ሜትር ሲሆን 20 ሜትሩ፣ ማለትም 17 በመቶ ያህሉ፣ ቁራጭ ሆኖ ይቀራል።

ጥያቄው ይህን ቁራጭ ማን ይከፍለዋል ነው። በሜትር የሚሸጥ ቸርቻሪ ቁራጩን ራሱ ስለሚሸከም ወጪውን በሜትሩ ዋጋ ውስጥ አስቀድሞ ይከተዋል። ሙሉ ቱቦ በጅምላ የሚገዛ ባለሕንፃ ዋጋው ረክሶ ቢያገኘውም ቁራጩ የእርሱ ነው። የጅምላው ቅናሽ ከ17 በመቶ ካነሰ በሜትር መግዛቱ ይሻለዋል። ሆኖም የመታጠቢያና የማድ ቤት መስኮቶቹ 60 ሳንቲ ሜትር ከሆኑ፣ በየጎኑ 20 ሲጨመር ልክ አንድ ሜትር ዘንግ ይፈልጋሉ፤ ያኔ ቁራጭ የተባለው ሁሉ ቦታ ያገኛል። ለዚህ ነው ልምድ ያለው ሻጭ ዋጋ ከመጥራቱ በፊት የመስኮቶቹን ልክ ዝርዝር የሚጠይቀው። በደላላ በኩል የሚመጣ ትእዛዝ ብዙ ጊዜ «መቶ ሜትር» ብቻ ብሎ ይመጣል። በእንዲህ ያለ ትእዛዝ ላይ ቅናሽ መስጠት በጨለማ እንደመደራደር ነው።

ሚዛኑን ያልጠየቀ

ሐምሌ 22 ቀን 2016 ዓ.ም የውጭ ምንዛሪ ተመን በገበያ እንዲወሰን ከተደረገ በኋላ 57 ብር ገደማ የነበረው አንድ የአሜሪካ ዶላር በጥቂት ሳምንታት ውስጥ ከ100 ብር አለፈ። በቀድሞው ምንዛሪ ያስገባውን ዕቃ በቀድሞው ዋጋ የሚሸጥ አስመጪ በገቢው ያንኑ ያህል ዕቃ መልሶ መተካት አይችልም። ገዢው ደግሞ የለመደው የሜትር ዋጋ አለው። በሁለቱ መካከል የተጨነቀ አቅራቢ የሜትሩን ዋጋ ብዙ ሳያስነሳ ወጪ የሚቀንስበት ቀላል መንገድ አለው፤ ይኸውም የቱቦውን ግድግዳ ማሳሳት ነው። ከውጭ ሲታይ ልዩነቱ አይታይም። ያው ወርቃማ ቀለም፣ ያው 25 ሚሊ ሜትር ነው።

ሚዛን ላይ ሲወጣ ግን ይለያል። 25 ሚሊ ሜትር ዲያሜትርና 0.8 ሚሊ ሜትር ውፍረት ያለው የብረት ቱቦ በ5.8 ሜትር ርዝመት 2.8 ኪሎ ግራም ያህል ይመዝናል። ውፍረቱ 0.5 ሚሊ ሜትር ከሆነ ክብደቱ 1.75 ኪሎ ይሆናል። በሜትር ሲገዛ አንድ የሚመስለው ዕቃ በኪሎ ሲታይ ከሲሶ በላይ ጎድሎ ይገኛል ማለት ነው። አሥር ቱቦ አስሮ መመዝን ከደቂቃዎች በላይ አይወስድም። «ነሐስ ነው» የተባለውን ደግሞ ማግኔት ይፈትነዋል፤ ማግኔት ከያዘው ነሐስ የተቀባ ብረት ነው። ማግኔት የማይዘው ሁሉ ግን ነሐስ አይደለም፤ አሉሚኒየምም አይያዝም።

ዲያሜትሩም እንዲሁ ቀላል ነገር አይደለም። ውፍረታቸው እኩል ሆኖ አንዱ 19 ሌላው 25 ሚሊ ሜትር ቢሆኑ፣ የ25ቱ ያለመጉበጥ አቅም ከ19ኙ ከሁለት እጥፍ ይበልጣል። ከዚህ ሁሉ ግን የሚበልጠው መሐል ላይ የሚገባው ሦስተኛ መያዣ ነው። የዘንጉ የመጉበጥ መጠን በመያዣዎቹ መካከል ካለው ርቀት አራተኛ ኃይል ጋር ስለሚያድግ፣ 2.4 ሜትሩ በመሐል መያዣ ለሁለት ሲከፈል ጉብጠቱ ቢያንስ ወደ አሥራ ስድስተኛው ይወርዳል። ስለዚህ መያዣ ቆጥቦ ወፍራም ዘንግ የሚገዛ ሰው ገንዘቡን ያለ ቦታው አውሎታል።

ለአስመጪዎች አንድ ነገር መጨመር ይገባል። በዓለም አቀፉ የጉምሩክ አመዳደብ መያዣው፣ ቀለበቱና የጫፍ ጌጡ ከተራ ብረታ ብረት የተሠሩ ከሆነ በ8302 ሥር ይገባሉ። ለመጋረጃ ዘንግ እንዲሆን በልክ የተቆረጠ ቱቦ ግን፣ ቢበሳም እንኳ፣ በተሠራበት ብረት የቱቦ ምድብ ውስጥ ይቀራል። የተሰፋው መጋረጃ በ6303 ነው። አንድ ኮንቴይነር ሦስቱንም ቀላቅሎ ሊይዝ ስለሚችል በዲክላራሲዮኑ ላይ «የመጋረጃ ዕቃ» ብሎ በጅምላ መጻፍ ክርክር ይጋብዛል። ከትራንዚተር ጋር መመካከር ያለበት ዕቃው ጅቡቲ ከመድረሱ በፊት ነው።

ቀዳዳው የት ነው

መስቀያ ወደቀ ሲባል የሚወቀሰው ዘንጉ ነው። አብዛኛውን ጊዜ ጥፋቱ የዘንጉ አይደለም። 2.4 ሜትር ዘንግ ላይ በእጥፍ ስፋት የተሰቀለ፣ ቁመቱ 2.5 ሜትር የሆነ መጋረጃ 12 ካሬ ሜትር ጨርቅ ነው። ካሬው 300 ግራም የሚመዝን ወፍራም ጨርቅ ቢሆን እንኳ 3.6 ኪሎ ነው። ይህን ማንኛውም ብሎን ይሸከማል። ችግሩ የሚመጣው መጋረጃው ሲጎተት ነው። መያዣው ከግድግዳ 12 ሳንቲ ሜትር ወጥቶ፣ በብሎኖቹ መካከል ያለው ርቀት 4 ሳንቲ ሜትር ከሆነ፣ ጫፉ ላይ ያረፈ ኃይል የላይኛውን ብሎን በሦስት እጥፍ ይነቅለዋል። መጋረጃ ይዞ የሚንጠለጠል ሕፃን 15 ኪሎ ቢመዝንና ክብደቱ አንዱ መያዣ ላይ ቢያርፍ፣ ብሎኑን የሚስበው ኃይል 45 ኪሎ ገደማ ነው።

ይህን የሚችለው ፊሸሩ የገባበት ግድግዳ ጠንካራ ሲሆን ነው። በብሎኬት ቤት ከመስኮቱ በላይ የኮንክሪት ሊንቴል አለ፤ ሊንቴሉም ከመስኮቱ ግራና ቀኝ ብዙ ጊዜ ከ15 እስከ 20 ሳንቲ ሜትር ያልፋል። መያዣው ከመስኮቱ ጠርዝ በ10 ሳንቲ ሜትር ገደማ ቢቀመጥ ኮንክሪት ያገኛል። ነገር ግን ኮንክሪት መብሳት ያደክማል፣ የድሪል ጫፍም ይበላል። በመስኮት ቁጥር የሚከፈለው ገጣሚ ድሪሉ እንቢ ሲለው ወደ ጎን ወይም ወደ ላይ ይሸሻል፤ እዚያ ብሎኬቱን ያገኘዋል። ብሎኬቱ ክፍት ሆድ ስላለው ድሪሉ እንደ ቅቤ ይገባል፤ ፊሸሩ ግን የያዘው ልስኑንና ስሱን ግድግዳ ብቻ ነው። ሲገጠም ጠንካራ ይመስላል፤ ከጥቂት ወራት በኋላ ከነልስኑ ይወርዳል። የጭቃ ቤት በዚህ ረገድ ይሻላል፤ ቋሚውን ወይም ማገሩን ያገኘ ብሎን በቀላሉ አይነቀልም። በጂፕሰም ቦርድ ላይ ደግሞ ከኋላው ብረት ወይም እንጨት ከሌለ ተራ ፊሸር ዋጋ የለውም።

በመስኮቱ ፍሬም ላይ በቀጥታ መግጠም የሚያዋጣው ለቀላል መጋረጃና ለሮለር ነው። በአሉሚኒየም ፍሬም ላይ አጭር ብሎን ይበቃል፤ ረጅም ብሎን ተንሸራታቹን መስታወት ሊያግድ ይችላል። ወደ ውስጥ በሚከፈት የላሜራ መስኮት ላይ ግን ፍሬሙን መንካት አያዋጣም፤ መስኮቱ በተከፈተ ቁጥር ከዘንጉ ጋር ይጋጫል።

ቢሮዎች የሚመርጡት ቨርቲካልና ሮለር ደግሞ የራሱ ሕግ አለው። ገመዱ ቀለበት ሠርቶ የሚንጠለጠል ከሆነ ለሕፃናት አንገት አደገኛ ነው፤ በአሜሪካ እ.ኤ.አ. ከ2018 መጨረሻ ጀምሮ ተዘጋጅተው በየመደብሩ የሚሸጡት ያለ ገመድ እንዲሠሩ ደረጃ ወጥቷል። እዚህ ገመዱን ግድግዳ ላይ ከፍ አድርጎ የሚይዝ መንጠቆ አብሮ መሸጥ ብዙ ወጪ የለውም። ልኩ የሚወሰደው ፍሬሙ ውስጥ ከላይ፣ ከመሐልና ከታች ሦስት ጊዜ ነው፤ ከሦስቱ ትንሹ ተወስዶ አንድ ሳንቲ ሜትር ያህል ይቀነሳል። አንድ ጊዜ ከተቆረጠ ለሌላ መስኮት አይሆንም። ዘንግ ቢመለስ ለሌላ ገዢ ይሸጣል፤ በልክ የተቆረጠ ሮለር ግን የታዘዘበት ቤት ካልወሰደው መደርደሪያ ላይ ይቀራል። በዚህ ዕቃ ላይ ቢያንስ የዕቃውን መግዣ የሚሸፍን ቀብድ ሳይቀበሉ መቁረጥ የማይገባው ለዚህ ነው።