በስምንተኛው ቀን የማይቆም ደም

በዲላም ሆነ በይርጋ ጨፌ ባሉት የክርስቲያን ቤቶች ወንድ ልጅ በተወለደ በስምንተኛው ቀን ይገረዛል። ደሙ ቶሎ ይቆምና ቤቱ ወደ ደስታው ይመለሳል። አልፎ አልፎ ግን ደሙ አልቆም ይላል፤ ሕፃኑም ይገረጣል። ያን ጊዜ አንዱ የገራዡን እጅ ይወቅሳል፤ ሌላው የሰው ዓይን ነው ይላል፤ ከሁሉ የሚከፋው በአራሲቱ ላይ የሚነገረው ሐሜት ነው።

የዘር ጥናት ግን ሌላ ምክንያት ያሳየናል። ደም የሚረጋው በውስጡ ያሉ ፕሮቲኖች ተራ በተራ ሲሠሩ ነው፤ ፋክተር ስምንት የሚባለው ሲጎድል ሕመሙ ሄሞፊሊያ ኤ ይባላል። በዓለም ላይ ከሚወለዱ 5,000 ያህል ወንዶች አንዱ ይህ አለበት። የፕሮቲኑ ትእዛዝ የሚገኘው ኤክስ በተባለው ክሮሞዞም ላይ ነው። እናት ሁለት ኤክስ ስላላት አንዱ ቢበላሽ በሌላው ትደገፋለች፤ ወንድ ልጅ ግን ያለው አንድ ብቻ ነው። ስለዚህ አብዛኛውን ጊዜ እርስዋ ጤነኛ መስላ ትኖራለች፤ ከምትወልዳቸው ወንዶች ግን እያንዳንዱ የመታመሙ ዕድል እኩሌታ ነው።

የጌዴኦ ገበሬ ከአንድ አሚቾ የሚያወጣቸው የእንሰት ችግኞች ሁሉ እናቲቱን ይመስላሉ። የሰው ልጅ ግን ከሁለት ወገን ስለሚወርስ የሕመሙን መንገድ በዓይን ብቻ መከተል አይቻልም። ልዑል ዓለማየሁን የተቀበለችው ንግሥት ቪክቶሪያ ሄሞፊሊያን ለዘሮችዋ እንዳወረሰች ከጥንት ይታወቅ ነበር፤ የተሳሳተው ፊደል በፋክተር ዘጠኝ ጂን ውስጥ መሆኑ የተነበበው ግን በአውሮፓ አቆጣጠር በ2009 ከሩስያ ንጉሣውያን ቤተሰብ አጽም ነው። የፋክተር ስምንት ጂን የታወቀው አስቀድሞ በ1984 ነበር።

ቁስልን ከሚደፍኑት ጥቃቅን የደም ክፍሎች፥ ከፕሌትሌቶች፥ የሚመጣም ሕመም አለ። በ1918 የስዊስ ሐኪም ግላንዝማን የገለጸው ዓይነት ፕሌትሌቶቹ ሳያንሱ እርስ በርስ መያያዝ ሲሳናቸው ነው። ይህ የሚወለደው ከአባትም ከእናትም የተበላሸ ጂን ሲገናኝ ስለሆነ ዘመዳሞች በሚጋቡበት አገር ይበዛል። እስከ ሰባት ቤት የቆጠሩ አባቶቻችን በዚህ ሳያውቁት ጠቅመውናል። ሄሞፊሊያ ግን ቆጠራውን አያከብርም፤ ከሕሙማኑ ሢሶ ያህሉ በዘራቸው እንዲህ ያለ ታሪክ የላቸውም።

ግዝረቱ ቢዘገይስ? ዐፄ ገላውዴዎስ በ1555 በጻፉት የሃይማኖት መግለጫ ግዝረት የአገር ልማድ እንጂ የኦሪት ግዴታ አለመሆኑን አስረድተዋል። የአይሁድ መምህራን እንኳ ሁለት ወንድሞቹ ተገርዘው የሞቱበትን ሕፃን እንዳይገረዝ በታልሙድ ደንግገዋል።

እንግዲህ ከስምንተኛው ቀን በፊት አያቲቱ ትጠየቅ፤ ከእናቲቱ ወንድሞች ወይም አጎቶች መካከል ሲገረዝ ወይም ጥርሱን ሲነቀል ደሙ አልቆም ያለ ነበረን? ካለ፥ ምላጩ ይቆይና ሕፃኑ ወደ ዲላ ዩኒቨርሲቲ ሆስፒታል ይወሰድ፤ ይህም ታሪክ ለሐኪሙ ይነገር። የሕፃኑ እኅቶችና አክስቶችም ሳያውቁት ተሸካሚ ሊሆኑ ስለሚችሉ፥ ራሳቸው ከመውለዳቸው በፊት ቢመረመሩ መልካም ነው።