ደሴ ላይ ሶፍትዌር በወር ክፍያ ይሸጣል?

ደሴ ላይ የሂሳብ ሶፍትዌር ሊሸጥ የሚነሳ ወጣት ኩባንያ ተፎካካሪውን አስቀድሞ ይወቅ። እንደ ኦራክል ወይም ኤስኤፒ ያለ ግዙፍ የሶፍትዌር ኩባንያ አይደለም፤ በፍላሽ የተገለበጠ ፒችትሪ የተባለ የሂሳብ ፕሮግራም ነው። ባለቤቱ ሴጅ የተባለው የእንግሊዝ ኩባንያ የፕሮግራሙን ስም ከቀየረ ከአሥር ዓመት በላይ ሆኖታል። እኛ ዘንድ ግን የሂሳብ ሠራተኛ ቅጥር ማስታወቂያ ዛሬም «ፒችትሪ የሚችል» ይላል። ከጓደኛው ገልብጦ ለሚጭነው ደግሞ ዋጋው ዜሮ ነው።

የክላውድ ሶፍትዌር ንግድ የቆመው በሌላ ሐሳብ ላይ ነው። ፕሮግራሙም መረጃውም ሻጩ በሚያስተዳድረው ሰርቨር ላይ ይቀመጣል፤ ደንበኛው በኢንተርኔት እየገባ ይሠራበታል፤ ቤት እንደተከራየ ሰውም በየወሩ ይከፍላል። የአሜሪካው የሶፍትዌር ኩባንያ ሴልስፎርስ በ1999 እ.ኤ.አ. የተመሠረተው ይህንኑ ይዞ ነው። የፎቶሾፕ ባለቤት አዶቤም በ2013 እ.ኤ.አ. ፊቱን ወደ ወርኃዊ ክፍያ አዞረ። ባለሀብቶች ዘርፉን የወደዱት ገቢው ስለሚደጋገም ነው፤ የሚደጋገመው ግን ደንበኛው ከቆየ ብቻ ነው።

ለአብነት አንድን ነጋዴ አሳምኖ ለማስገባትና ሠራተኛውን ለማሠልጠን 3,000 ብር ይወጣል እንበል። ወርኃዊ ክፍያው 500 ብር ይሁን፤ ከዚያ ላይ ለሰርቨርና ለስልክ ድጋፍ 150 ይቀነስ። 350 ብር ይተርፋል፤ የወጣው ገንዘብ የሚመለሰው በዘጠነኛው ወር ነው። በስድስተኛው ወር የሄደ ደንበኛ የ900 ብር ኪሳራ ጥሎ ነው የሄደው። ደንበኞቹ እንዲህ ቶሎ የሚሄዱበት ኩባንያ አዲስ ደንበኛ ባበዛ ቁጥር ኪሳራውን ያበዛል፤ በሪፖርቱ ላይ ግን «ዕድገት» ተብሎ ይጻፍለታል።

ውጭ አገር ክፍያው ከካርድ ላይ በራሱ ይቆረጣል፤ የረሳውም ይከፍላል። እዚህ አብዛኛው ነጋዴ ራሱ በቴሌብር ወይም በባንክ ነው የሚልከው። ቴሌብር ከግንቦት 2013 ዓ.ም. ወዲህ ከ50 ሚሊዮን በላይ ተጠቃሚ አፍርቶ ገንዘብ መላኩን አቅልሎታል፤ ነጋዴው ግን በየወሩ «ልቀጥል ወይስ ልተወው?» ብሎ እንደ አዲስ መወሰኑ አልቀረም። ሐምሌ ሲገባ፣ የግብር ጊዜ ነውና፣ ሶፍትዌር ይፈለጋል፤ ግብሩ ካለፈ በኋላ ማን ያስታውሰዋል? ደሴ አጠገብ ገራዶ ላይ እህልና አትክልት የሚሰበስብ ጅምላ ነጋዴ ገንዘቡ የሚመጣው ከምርት ጋር ነው። እጁ ባጠረበት ወር መጀመሪያ የሚሰርዘው የሶፍትዌሩን ክፍያ ነው። ስለዚህ እንዲህ ላለው ደንበኛ ምርቱን ሲሸጥ ጠብቆ፣ ቅናሽ አድርጎ የዓመቱን በአንዴ መቀበል ይሻላል።

ስለ ክላውድ ጥቅምና ጉዳት ደሴና ኮምቦልቻን ማስተማር አያስፈልግም። በ2014 ዓ.ም. ጥቅምትና ኅዳር የሰሜኑ ጦርነት ወደ ሁለቱም ከተሞች ሲገባ፣ ከተዘረፈው ኮምፒውተር ጋር የዱቤ ዝርዝሩና የዕቃ መዝገቡም አብሮ ሄደ። ቅርንጫፉ የተዘረፈበት የባንክ ደንበኛ ግን ተቀማጩን አላጣም፤ መዝገቡ ሌላ ቦታ ነበርና። ከ2015 ዓ.ም. ማብቂያ ጀምሮ ደግሞ በአማራ ክልል የሞባይል ኢንተርኔት ለወራት ተቋረጠ። ሂሳቡን ክላውድ ላይ ብቻ ያኖረ ሰው መረጃው ቢተርፍለትም ሊከፍተው አልቻለም። እዚህ የሚሸጥ ሶፍትዌር ኔትወርክ ሲጠፋ ኮምፒውተሩ ላይ መሥራቱን ቀጥሎ፣ ሲመለስ መረጃውን የሚያደርስ መሆን አለበት። ይህን የማያሟላ አቅራቢ እስከ ኮምቦልቻ ባይደክም ይሻላል።

የዶላሩ ነገርም አለ። ሐምሌ 22 ቀን 2016 ዓ.ም. የውጭ ምንዛሪ ተመን ለገበያ ሲለቀቅ፣ 57 ብር ገደማ የነበረው ዶላር በሳምንታት ውስጥ ከ100 ብር አለፈ። ለውጭ ሰርቨር በወር 100 ዶላር የሚከፍል ኩባንያ፣ አንድ ደንበኛ ሳይጨምር ወጪው ከ5,700 ወደ 10,000 ብር ተሻገረበት ማለት ነው፤ ገቢው ግን በብር ነው። እንደ ኢትዮ ቴሌኮም ቴሌክላውድ ያለው የአገር ውስጥ አማራጭ ፍጥነቱና አስተማማኝነቱ ተፈትሾ ሊታሰብ የሚገባውም ለዚህ ነው።

የሶፍትዌር ኩባንያ መሥራቾች ባለሀብት ፊት ሲቀርቡ የደንበኞቻቸውን ብዛት ያስቀድማሉ። ባለሀብቱ ይህን ትቶ፣ አምና ሐምሌ ከገቡት ውስጥ ዘንድሮ ሐምሌ እየከፈሉ ያሉት ስንት እንደሆኑ ይጠይቅ። ለዚህ መልስ የሌለው ኩባንያ ገንዘብ ሊሰጠው አይገባም።